በአማና የተሰጠኝ ሰሌዳ

ባለቤቴ ይህን ሳይሰማ ሞተ። ለነፍስ አባቴም ስንቱን ኃጢአት ስናዘዝ ይህን አስቀርቻለሁ። እናንተ ስሙኝ፤ ልታጽናኑኝ ግን አትሞክሩ።

ባለቤቴ ታደሰና ሐጂ ይማም በሸዋ ሮቢት በቼዝ የሚደርስባቸው አልነበረም። ታደሰ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ። እሑድ እሑድ ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። የአስር ሶላት ሲደርስ ሐጂ ይነሣሉ፤ ታደሰም ከሰሌዳው ጋር ብቻን መቅረት ነውር ነው ብሎ እስከ መስጊዱ በር ይሸኛቸዋል። ሰሌዳውን ከዶሮና ከነፋስ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሐጂ ሲወጡ ሁልጊዜ፣ «እትዬ አስካለ፣ አማናው በእርስዎ ነው» ይሉኛል፤ አደራ ማለታቸው ነው።

አንድ እሑድ የሰሌዳው መሐል ተዘግቶ ነበር። ወታደሮቹ ግንባር ለግንባር ተፋጠዋል፤ የሚበላም የሚያልፍም የለም። እንዲህ ባለ ጨዋታ የቸኮለ አያሸንፍም። ፈረሱን አዙሮ አዙሮ፣ ማንም ከማያባርረው ቦታ ያሳረፈ ነው የሚያሸንፈው። ማንም አላስተማረኝም፤ ሽንኩርት እየላጥኩ በማየት ነው ያወቅሁት። የታደሰ ፈረስ የሚያርፍበትን ቦታ የሐጂ የዳር ወታደር ይጠብቀው ነበር። የሐጂ ፈረስ ግን መንገዱን አግኝቷል። ታደሰ ሊሸነፍ ነው።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ በተሸነፈ ቁጥር አይናገርም፤ እህልም አይቀምስም። ይህ ሰበብ ከመሰላችሁ ሰርዙት።

ወደ መስጊድ እንደወጡ ያን የሐጂ የዳር ወታደር አንድ ቤት ወደ ፊት ገፋሁት። እኔ። በዚህ እጄ። ጠባቂው አለፈ፤ ቦታው ክፍት ቀረ።

ሐጂ ተመልሰው ተቀመጡ። ሰሌዳውን ብዙ አዩት።

«ታዴ፣ ይቺን እኔ ነኝ የገፋኋት?»

«ታዲያ ጂኒ ገፋልህ?» ታደሰ ሳቀ። «አርጅቻለሁ በልና ልማርህ!»

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። ዐይናቸው ውስጥ ጥርጣሬ አልነበረም፤ ምስክር ነበር የፈለጉት።

«እትዬ፣ ገፍቼ ነበር እንዴ?»

«ገፍተው ነበር» አልኩ።

ታደሰ ፈረሱን አሳረፈ፤ አሸነፈም። ያን ማታ እራቱን በላ።

የሐጂ አባት የልጆቻቸውን ስም እስከ መርሳት ደርሰው ነው የሞቱት። ሐጂ ይህን አብዝተው እንደሚፈሩ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሳቸውን ማመን አቃታቸው። መጀመሪያ ቼዙን ተዉ። ቀጥለው መቀሱንና ሜትሩን ለልጃቸው አስረክበው ከሱቁ ወጡ። ታደሰም ተጋጣሚ አጥቶ፣ ኒሙ ሥር ብቻውን እየተቀመጠ ኖሮ ሞተ። ለማን ብዬ ነበር የገፋሁት?

ባለፈው ሳምንት ልነግራቸው ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ጉልበቴ ሕመም ጠየቁኝ፤ የልጅ ልጆቼን አንድ በአንድ በስም እየጠሩ ጠየቁኝ። አንዱንም አልሳቱም።

«ልጆቼ ብቻዬን ከግቢ አያስወጡኝም» አሉኝ። «ልክ ናቸው፣ እትዬ። ያን ጊዜ እናንተ ቤት መርሳቴን ባላውቀው ኖሮ ስንቱን አበላሽ ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። ብናገር፣ የተዉትን ሁሉ በከንቱ እንደተዉት መንገሬ ነው። እውነት ለእሳቸው አዝኜ ነው ዝም ያልኩት? አይደለም። ፊታቸው ሲለወጥ ማየት ፈርቼ ነው።

«አይዞዎት፣ ዕድሜ ነው» አልኩና ወጣሁ።

ወታደሩን የገፋሁት ለባሌ ብዬ ነው ትሉልኝ ይሆናል። «አይዞዎት» ያልኩትስ? ያን ባልኩ ጊዜ የማድነው ባል አልነበረኝም። ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅር ማለቱ የእናንተ አይደለም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው በረንዳቸው ላይ አሉ። በባጃጅ ቅርብ ነው። ዛሬም አልሄድኩም።