ለአንድ ፋብሪካ የተሞረደ ነሐስ

ጂብሪል ነሐሱን በሞርሳ ጠፍሮ ይሞርዳል። ሞረዱን ሲገፋ ጥርሱን ይነክሳል፤ ሲመልስ ይተነፍሳል። ብናኙ የጣቶቹ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ያብለጨልጫል። የሚሠራው መቆንጠጫ ነው፤ ሬድዮ የሚገጣጥሙ ሠራተኞች የሬድዮውን ሆድ ዕቃ ሲበይዱ እንዳይነቃነቅ ነክሶ የሚይዝላቸው። ልኩ ለዚያ ፋብሪካ ብቻ ነው፤ ለሌላ አይሆንም።

ከወሎ ድንበር ተሻግሮ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የዓረቦች ሰፈር መኖር ከያዘ ጀምሮ ደንበኛው አንድ ነው፤ የፋብሪካው ዕቃ ገዢ አብዱልወሃብ። ፖሊስ ሐበሻውን ከመንገድ እየለቀመ በመኪና ሲጭን፣ «የኔ ሰው ነው» ብሎ የሚያስጥለውም እሱ ነው። የጂብሪል ሚስት ሙኒያ፣ «ኧረ ሌላም ደንበኛ ፈልግ፤ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ስትለው ይቆጣል። ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድር የለ!

አንድ ቀን ስለሺ የሚባል የጎንደር ሰው ከከተማው ማዶ፣ ቡሪ ከሚባለው ሰፈር መጣ። መብራት ሲዋዥቅ ዕቃ እንዳያቃጥል የሚያደርግ መሣሪያ ይሠራል።

«ወንድሜ ጂብሪል፣ በኔም ልክ መቆንጠጫ ሥራልኝ እንጂ።»

ስለሺ ይህን ብሎ ሳይጨርስ አብዱልወሃብ በሩ ላይ ደረሰ።

«ማሻአላህ! ሱቅ ከፈትክ? እንግዲህ ፖሊስ ሲይዝህ ይኸው ሰውዬ ያስጥልህ!»

ጂብሪል ደነገጠ። ታማኝነቱን ማሳየት ፈለገ።

«ማን ጠራህ? ውጣ!» ብሎ በሞረዱ እጀታ የስለሺን አፍ መታው።

ስለሺ ጥርሱን ከነደሙ መዳፉ ላይ ተፋ። «ለዚህ ብለህ? የአገርህን ሰው?»

ጂብሪል ደገመው። አብዱልወሃብ፣ «ኸላስ፣ ይበቃዋል» አለ፤ ከብት እንደሚያስመታ ሰው።

ዓመት ሳይሞላ ፋብሪካው ተበይዶ ያለቀለትን የሬድዮ ሆድ ዕቃ ከቻይና ማስመጣት ጀመረ። ብየዳው ቀረ፤ መቆንጠጫውም ቀረ። ጂብሪል ጆንያ ሙሉ የተሞረደ ነሐስ ተሸክሞ አብዱልወሃብን ፋብሪካው በር ላይ ጠበቀው።

«ይህን አሁን ለማን ልሽጠው?»

«እኔ ምን አገባኝ? ያላ፣ ሂድ!»

ጂብሪል እግሩ ላይ ወደቀ። ዘበኞቹ በቆመጥ ወረዱበት። ጆንያው ተቀዶ ነሐሱ ተዘረገፈ። ጎኑ ቀጭ ሲል ለራሱ ተሰማው።

ሙኒያ ደሙን በጨው ውኃ እያጠበች፣ «ስለሺ ዘንድ ሂድ» አለችው። «እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅር በለኝ በል። ይቅር ካለህ ለሱ ትሠራለህ፤ ካለዚያ ልጆቻችን ምን ሊበሉ ነው?»

ጎኑ ሳይሽር ድንጋዩን በትከሻው አድርጎ ወደ ቡሪ የሚሄደው ሐፍላ ላይ ሊሳፈር ወጣ። የአውቶቡሱ ረዳት አየውና ሳቁ አመለጠው።

«ያ ሐጅ! ቡሪ ድንጋይ አጥተው ላኩህ? ለሱም ሒሳብ ትከፍላለህ!»

ተሳፋሪው ሁሉ አውካካ። አንዱ፣ «ሐበሻ ነው፤ ቤት ሊሠራ ነው» አለ።

የጂብሪል ዓይን ደም ለበሰ። ይቅርታ ሊለምንበት የተሸከመውን ድንጋይ በሁለት እጁ አንሥቶ መስተዋቱ ላይ ወረወረው። መስተዋቱ ተሰባብሮ በሰው ላይ ረገፈ፤ ረዳቱ ግንባሩን ይዞ ጮኸ፤ ተሳፋሪው ተንጋግቶ ወረደበት። ጂብሪል በቡጢና በጫማ መሀል አቧራው ላይ ተንከባለለ። ጎረቤት ደርሶ ባያስጥለው ይገድሉት ነበር።

ቡሪ ግን በዚያን ዕለትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አልሄደም።