ካሎሪፈር ላይ የተሰጣ ቀረፋ

ከናዝሬት የወጣሁ ምሽት እናቴ ሻንጣዬን እንደገና ከፍታ ሹራቤን አወጣችና በቦታው አንድ ብልቃጥ ቀረፋ ከተተች። አባቴ ወደ ቦሌ ሊወስደኝ ሚኒባሱን ደጅ አቁሞ ይጠብቃል።

«ቱርክ ሱቅ የለም?» አላት።

«አለ። የሚሸጡት ግን የተፈጨ ቢሆንስ? ምን ቀላቅለው እንደፈጩት በምን ታውቃለህ?»

«ሹራቡስ?»

«ሲበርዳት ሻይ ታፈላለች።»

ከዚያ ለፈተና እንደምታስጠና ሁሉ አስደገመችኝ፦ ቀረፋ እንጨቱ እንዳለ ይቀመጣል፣ ፈጭተው ካስቀመጡት ሽታው ይጠፋል፣ ክዳኑ ይጥበቅ፣ ከምድጃ ይራቅ፣ እርጥበት ከነካው ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ሁሉንም በቃሌ ያዝኩ። ጉድ ያመጣብኝ የመጨረሻው ነው።

አንካራ ስደርስ የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ሞልቶ ስለነበር ኔርሚን ተይዜ ቤት አንድ ክፍል ተከራየሁ። ተይዜ ማለት እዚህ አክስት እንደማለት ነው።

«አንድ ወር ልይሽና እወስናለሁ» አሉኝ። «ከአንቺ በፊት የነበረችው ልጅ ዓሣ ጠብሳ መጋረጃዬ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ሽታ አልፈልግም።»

«እሺ ተይዜ።»

«ሽንኩርትም።»

«እሺ።»

«ከእሺ ሌላ አታውቂም?»

«ቱርክኛዬ ገና ነው።»

ከዚያ ቤት ብወጣ የምገባበት ስላልነበረኝ ዳቦ በወይራ ፍሬ እየበላሁ ድምፄን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። ሻይ እንኳ እኛ ቤት ከነቀረፋው ከነቅርንፉዱ ከነስኳሩ አንድ ላይ ሲንተከተክ፣ እዚህ ማንቆርቆሪያው ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ታች ውሃ፣ ላይ ቅጠል፣ ስኳሩ ደግሞ ለብቻው ጎረቤት ሆኖ ይቀርባል። ማፍላት ፈራሁና በየቀኑ የብልቃጡን ክዳን ከፍቼ ማሽተት ብቻ ሆነ ሥራዬ። እንዲህ ስከፍት ስዘጋ፣ ብርዱ ገብቶ መስኮቱ ማላብ ሲጀምር፣ ቀረፋው ረጠበ።

ፀሐይ ፈለግኩ። ናዝሬት ሳለሁ ጥላ ለጥላ ስሸሻት የኖርኩት ፀሐይ አንካራ ላይ የለችም። መስኮቱ ሥር ግን ካሎሪፈር አለ፤ በውስጡ ሙቅ ውሃ እየዞረ ቤቱን የሚያሞቅ ብረት። ቀረፋዬን እሱ ላይ አሰጣሁና ትምህርት ሄድኩ።

ስመለስ ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። ኔርሚን ተይዜ ክፍሌ በር ላይ ቆመዋል።

«የት ደበቅሽው?»

«ምኑን ተይዜ?»

«ሱትላቹን።» ሱትላች በሩዝና በወተት የሚሠራ፣ ላዩ ላይ ቀረፋ የሚነሰነስበት ጣፋጭ ነው። «ጎረቤቱ ሁሉ ለእኔስ እያለ ደጄን ሲያንኳኳ ዋለ።»

ጎንበስ ብለው አልጋዬ ሥር ፈለጉ። ካሎሪፈሩን አሳየኋቸው።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው የሚሞቁት?»

«ረጥበው ነው።»

«ሰው ካልሲ ያደርቃል። በዚህ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ሻይ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

መባረሬ ነው ብዬ ሁሉንም አንድ ላይ ጣድኩት። ስኳሩን ስጨምር ማንቆርቆሪያቸው ውስጥ ጫማ የከተትኩ ያህል አዩኝ። ቀዳሁላቸው። ጠጥተው ጨረሱት።

«ይህ ሻይ አይደለም» አሉ፣ ብርጭቆውን መልሰው እየዘረጉልኝ። «ሻይ ብለሽ አትጥሪው እንጂ ጠዋት ጠዋት አፍዪው። ክፍሉም ያንቺ ነው። የሽንኩርቱን ነገር ግን ገና እናያለን።»

እሳቸው ወደዱት። እኔ ግን ስቀምሰው የቤታችን አልሆነልኝም፤ ግማሹ ጣዕም ደረጃው ላይ ቀርቷል። ለእናቴ ደወልኩ።

«ብረት ላይ? አስጪው አልኩሽ እንጂ ጥበሺው አልኩሽ?» አባቴ ከኋላዋ ይስቃል።

«ክፍሉን ሰጡኝ እማዬ። እስክመረቅ መቀመጥ እችላለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «እስክትመረቂ።»

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሻይ ጥጃለሁ።»

«ስልኩን ጠጋ አድርጊልኝ።»

አስጠጋችው። ሲንተከተክ ሰማሁ። ለእሷና ለአባቴ ትንሿ ማንቆርቆሪያ ትበቃለች፤ ይህ ግን የትንሿ ድምፅ አልነበረም።

«ትልቁን ነው የጣድሽው?»

«ልማድ ነው» አለች።