ገመድ ጥለህ አይተሃል?

አጎቴ ገመድ በጣሉበት ጠዋት ከእንጅባራ በላይ ዘንገና ሐይቅ ዳር የነበርነው የሰንበቴ ማኅበራችን መሪ (ሙሴ) አያ ዳምጤ፣ ቄስ አየነው፣ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ፣ እኔና ባለፈው ወር የቀበርናቸው እኚሁ አጎቴ ነን።

አጎቴ ሰው ያላየውን ሲያወራ ከሰሙ፣ «ገመድ ጥለህ አይተሃል?» ይሉ ነበር። ሐይቁ ወለል የለውም ሲሏቸውም የጭነት ገመዶች ቀጣጥለው፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው፣ በቀርከሃ ታንኳ ወደ መሀል ወጡ።

«አንተ! የእግዜርን ጓዳ ልትለካ?» ብለው ጮኹ ሙሴው። «ከሰንበቴው ትወጣለህ!»

«ጓዳው ወለል ቢኖረው አንተን ምን ከፋህ?» አሉ አጎቴ፣ ገመዱን እየለቀቁ።

ሙሴው ማንም ምስክር እንዳይሆን ፊታችንን እንድናዞር አዘዙ። ከእኔ በቀር ሁሉም ዞሩ። ዳቦ ሲቆረስ ትልቁን ማን እንዳነሳ የሚያይ ዐይን ሁሉ ሐይቁ ላይ ታወረ። ገመዱ ላላ፤ አጎቴ «ነካ!» ብለው ጮኹ። ከሰንበቴው ተባረሩ፤ ሳይመለሱም ሞቱ።

በቀብራቸው ዕለት እኚሁ ሙሴ፣ «ዘንገና ወለል እንደሌለው በገመድ ያረጋገጠ ሰው» ብለው አወደሷቸው። ለቀስተኛው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ገመድ ጥለህ አይተሃል ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም።

ዳር የነበራችሁ ሆይ፣ የዞረው ፊታችሁ እንጂ ጆሯችሁ አይደለም። «ነካ!» ሲሉ የሰማችሁ፣ በዚህ ምስክርነቴ ላይ የእናንተንም ጨምሩበት።