የሻምበሉ ስምንት ሰዓት

ሕዝቅያስ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ ፀጉር ያስተካክላል። ጨርቁን ከማልበሱ በፊት ግን ቀድሞ የሚያየው የደንበኛውን ክንድ ነው። የሚያድነው ድሮ ጦሩ ለአብራሪና ለመድፈኛ ያድል የነበረውን፣ ፊቱ ላይ ትንንሽ ክቦች ያሉበትን፣ የጎኑን ቁልፍ ሲጫኑት ያለፈውን ጊዜ መቁጠር የሚጀምረውን የእጅ ሰዓት ነው። በዚህ አመሉ ጥቂት ሰብስቧል። አንዱን ያገኘው ለአንድ አሥር አለቃ ዕድሜ ልኩን ፀጉሩን በነፃ ሊቆርጥለት ቃል ገብቶ ነው። አሥር አለቃው ዕድሜ ይስጠውና እስካሁን ፀጉሩ አልሳሳም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሰዓት ይዞ ቀጠሮ አክብሮ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የሚደርሰው ስብከቱ ሲያልቅ ነው። ሚስቱ ታቢታ «ሰዓት ሞልቶን በሰዓቱ የሚደርስ ጠፋ» ስትለው ይስቃል። ደስተኛ ሰው ነው።

እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር፤ የሻምበል ጌታቸው። ሻምበሉ የአየር ኃይል አብራሪ ነበሩ። ካረፉ ወዲህ ሰዓቱ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚኖሩት ባለቤታቸው በወይዘሮ ብርሃነሽ እጅ ነው። ወይዘሮዋ የመጣውን ነጋዴ ሁሉ መልሰዋል። ሕዝቅያስ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ደጋግሞ ለመናቸው። በመጨረሻ ደወሉለት።

«ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ና። ሻምበል የሀበሻ ቀጠሮ አይወድም ነበር። በሰዓቱ ከደረስክ ያንተ ነው፤ ካረፈድክ ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ቅዳሜ ዕለት ሕዝቅያስ ምሳውን እንኳ በቅጡ ሳይበላ ሱቁን ዘጋ። በባጃጅ ከንፎ ቀድሞ ደረሰና አጥሩ ሥር ቆሞ ጠበቀ። ልክ ስምንት ሲሆን በሩን አንኳኳ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ ደርሶ ደረቱ ተነፍቷል።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ፊታቸውን አጥቁረው ከፈቱለት።

«አሁን ነው የሚመጣው?»

«እትዬ፣ ስምንት ሰዓት አላሉኝም?»

«ስምንት ነዋ ያልኩህ። ቁርስ አቅርቤ ስጠብቅህ ቀኑ ሄደ።»

ሕዝቅያስ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ሰዓት ወረወረ። ሰዓቱ ሁለት ይላል።

«ይሄ ሰዓት ቆሟል እንዴ?»

«ሻምበል ቤት የቆመ ሰዓት የለም» አሉት።

ያኔ ነገሩ ገባው። ሻምበሉ ሥራቸው ያስለመዳቸውን የፈረንጅ አቆጣጠር ቤታቸው ድረስ ይዘውት ገብተዋል። የዚህ ቤት ስምንት ሰዓት ለቀረው ሐዋሳ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው።

«እትዬ፣ በፈረንጅ ነው እንዴ የቀጠሩኝ?»

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ሳቃቸው አልቆም ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ከሰው ጋር በሀበሻ ነው የምቀጥረው። የሱ ነገር ሲሆን ግን አፌ ወደሱ ይሄድብኛል። ጥፋቱ የኔ ነው።» እንዲቀመጥ በእጃቸው አመለከቱት። «ሳንጋባ እንዲሁ ሆነናል። ደብረ ዘይት ሐይቁ ዳር በአሥር ሰዓት እንገናኝ አለኝ። እኔ ተኳኩዬ፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ በአሥር ሰዓት ደረስኩ። እሱ ለካ ከጠዋቱ አራት ጀምሮ ቆሞ ኖሯል። ይቆጣል ስል ሰዓቱን አሳየኝ። ቁልፉን ተጭኖት ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆጥሯል። ‹አንቺን ስጠብቅ እንደማይሰለቸኝ አወቅኩ› አለኝ።»

ይህን ብለው የሹራባቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። ሰዓቱ ቀጭን ክንዳቸው ላይ ታስሯል፤ የሚቆጥረው ዘንጉ ይሄዳል።

«ጠዋት ስትቀር በንዴት ተጫንኩት። ስንት እንዳረፈድክ ላሳፍርህ ብዬ።»

ሕዝቅያስ ጎንበስ ብሎ ሰዓት የሚቆጥረውን ትንሹን ክብ አየ። ስድስት ላይ ደርሷል። ወይዘሮ ብርሃነሽም አዩት፤ ሳቃቸው ጠፋና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይህን ያህል ነው የጠበቀኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ሲነግረኝ እስቅ ነበር እንጂ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ሕዝቅያስን ሰዓቱን መመኘቱ ራሱ አሳፈረው፤ «ይቅር እትዬ፣ እርስዎ ጋ ይሁን» አለ፣ ከልቡ።

እሳቸው ግን ፈተው በገዛ እጃቸው ክንዱ ላይ አሰሩለት።

«በል ተጫንና አቁመው» አሉት። «መጥተሃል።»