አምስቱ እምቢተኞችና የአባቴ ስብሰባ

እኔ ቁጡ ነኝ። ሰው ላይ አልጮህም፤ የምጮኸው ዕቃ ላይ ነው። ዲላ ውስጥ ባለ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ በተቀጠርኩ በስድስተኛው ወር፣ ይህ አመሌ ከአምስት ኮምፒውተሮች ጋር አጣላኝ።

የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀው ዓርብ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና፣ "ሰባቱም ኮምፒውተሮች እስከ ዓርብ ዶሜይን ውስጥ ይግቡ። ካልሆነ ቅዳሜ ከሐዋሳ ባለሙያ አስመጣለሁ፤ ያንቺንም ጉዳይ ያኔ እናየዋለን" አለኝ። "እናየዋለን" ሲል ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እኔም የሚገባኝ ገባኝ።

ከቤታችን ደመወዝተኛ ስሆን የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ሥራ ልጀምር ከመንደራችን ከባንኮ ጎቲቲ ስወጣ አባቴ ያችን እጀታዋን በእንሰት ቃጫ ያሰራትን ጥቁር ጃንጥላውን ይዞ እስከ መኪናው ሸኘኝ። "ሰዓት አክብሪ፣ ሌላው ይደረስበታል" አለኝ። ሳቄን ዋጥኩት። እሱ ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት ዲላ ላይ ለገበሬዎች የተጠራ ትልቅ ስብሰባ አርፍዶ ያመለጠው ሰው ነዋ! የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ወደ ወንዛችን ስለሚለቁት ቆሻሻ ውኃ ሊናገር ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቶ፣ ሄዶ የደረሰው ወንበር ሲነሳ ነው። "በሰዓቱ ነው የደረስኩት" ብሎ ድርቅ አለ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ደግሞ፣ "አባዬ፣ አርፍደህ ነው፤ አምነህ ተቀበል" ብዬ ፈረድኩበት። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የዘገየ ነገር ሁሉ፣ ያልበሰለ ጎመንም ቢሆን፣ "አባባ ስብሰባ ሄዷል" ይባላል።

ወደ ኮምፒውተሮቹ ልመለስ። ዶሜይን ማለት በየፊናቸው ይኖሩ የነበሩ ኮምፒውተሮች ሰርቨር የሚባለውን ትልቁን ኮምፒውተር አለቃ አድርገው በአንድ ደንብ ሲያድሩ ነው። ከገቡ በኋላ ሠራተኛው የትኛውም ወንበር ላይ ተቀምጦ የአባላቱን መዝገብ መክፈት ይችላል። ለመግባት ግን እያንዳንዱ ሰርቨሩ ፊት ቀርቦ ማንነቱን ማሳመን አለበት። የሥራ አስኪያጁና የቡና ጥራት ክፍሉ ኮምፒውተሮች ሰኞ ዕለት ሳያንገራግሩ ገቡ። ትልቁ ክፍል ውስጥ ያሉት አምስቱ ግን እምቢ አሉ።

መጀመሪያ "ዶሜይኑን አላገኘሁትም" አሉ። እውነት ነበራቸው፤ የሰርቨሩን አድራሻ አንድ ቁጥር አሳስቼ ጽፌው ነበር። አስተካከልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ሌላ ምክንያት አመጡ፦ "የእኔና የሰርቨሩ ሰዓት አይስማማም።"

ሰዓት? የማያ ገጹን ጥግ አየሁ፤ ሦስት ከዐሥር ይላል። የእጄን ሰዓት አየሁ፤ ሦስት ከዐሥር። ሄጄ የሰርቨሩን ቁም ሳጥን ከፈትኩ፤ ዘጠኝ ከዐሥር። ሁሉም ልክ ነው! "ውሸታም!" አልኩት ኮምፒውተሩን፣ ሰው እየሰማኝ። ከዚያም የችግር ዝርዝሬ ላይ "ሰዓት" ከሚለው አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ልክ ነው የሚል ምልክት አደረግሁ። ያ ወረቀት ዛሬም አለኝ፤ ጉራ ሊሞክረኝ ሲል አወጣና አየዋለሁ።

ረቡዕን የጨረስኩት ጠረጴዛ ሥር ነው። ገመድ ነቀልኩ፣ የገመዱን ጫፍ ሁሉ ቆርጬ አዲስ ገጠምኩ፣ ቀሚሴን በአቧራ ለወስኩ። ሐሙስ ዕለት አንዱን ኮምፒውተር በጥፊ መታሁት። ይህን ያዩት ዘበኛችን፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር የሚዘምሩት ጋሼ፣ አዘኑልኝና ገብተው እጃቸውን ማያ ገጹ ላይ ጫኑ። "በኢየሱስ ስም ግባ!" አሉት። ክፍሉ በሙሉ "አሜን!" አለ። አልገባም። ጋሼ ከኮምፒውተሩ ወደ እኔ ዞረው፣ "አንቺ ግን አሜን ብለሻል?" አሉኝ። አላልኩም ነበር፤ አኩርፌ ነበር።

ዓርብ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ ደረስኩ። በሩ ክፍት ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን እትዬ ገብተው ኖሯል። እኚህ ሴት ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር የቀራቸው፣ ከሁሉ ቀድመው መጥተው የሁላችንንም ጠረጴዛ የሚወለውሉ ሰው ናቸው። ጨርቅ በእጃቸው ይዘው አንዱን ኮምፒውተር አበሱ፤ ጎንበስ አሉ፤ ጥጉ ላይ ጠቅ፣ ጠቅ አደረጉ። ወደሚቀጥለው አለፉ፤ አበሱ፤ ጠቅ፣ ጠቅ።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ሰዓቱን እያስተካከልኩ ነዋ ልጄ! ኢንተርኔት በመጣ ቁጥር ይዛባል። ይኸው፣ ገና አንድ ሰዓት ነው፤ ይህ ሞኝ ሰባት ይላል!"

ክው አልኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሦስትና ዘጠኝን ጎን ለጎን እያየሁ ሁሉም ልክ ነው ያልኩት እኔ ነኝ! ከልጅነቴ ጀምሮ ስድስት ስቀንስና ስጨምር ስለኖርኩ ዘጠኝ ሲል ሦስት ብዬ ማንበቤን እንኳ አላውቀውም። ያ ምስኪን ሰርቨር ይህን ማን አስተማረው? ለእሱ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የስድስት ሰዓት ውሸት ይዞ የሚመጣ አጭበርባሪ ነበር። የሁለቱ ኮምፒውተሮች መግባትም አሁን ገባኝ፤ ክፍሎቻቸው ጠዋት ስለሚቆለፉ እትዬ አይደርሱባቸውም።

ደሜ ፈላ። "ኧረ እትዬ ጉድ ሠሩኝ! ማን ንኩ አለዎት?" አልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ጮኼ።

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ቁጭ አሉ። "ጥፋት መሆኑን አላወቅሁም" አሉ። "ከሁለት ዓመት በፊት የቢሮው ሰዎች በኮምፒውተሩ ሰዓት አቆጣጠር ለገበሬዎቹ የጥሪ ወረቀት አተሙ። ስምንት ሰዓት ይላል። ስብሰባው ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። ገበሬ ስምንት ሲል ያው ከምሳ በኋላ ነው! ተሰብስበው መጡ፤ እኛ ወንበር እናነሳለን። ወረቀታቸውን እያሳዩኝ በሩ ላይ ቆሙ። አንዱማ ዝናብ መትቶት፣ እንዳያረፍድ ሲጣደፍ ጃንጥላውን እንኳ አልዘረጋም፤ ወረቀቱን ኮቱ ውስጥ ደብቆ ነው የመጣው። 'እኔ በሕይወቴ አርፍጄ አላውቅም' አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዓቱን በየጠዋቱ አስተካክላለሁ።"

"ጃንጥላው ምን ዓይነት ነው?" አልኩ።

"ጥቁር። እጀታው ተሰብሮ በቃጫ ታስሯል።"

ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። ዞር አልኩና ገመድ የምፈልግ መሰልኩ።

አምስቱን በሰርቨሩ ሰዓት አስተካከልኳቸው፤ አንድ በአንድ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ገቡ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም አለቀ። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አየና ደስ አለው። "ችግሩ ምን ነበር?" አለ። "የአምስቱ ሰዓት ተዛብቶ ነበር" አልኩ። ፊቱ ተለወጠ። "ማነው የነካው?"

እትዬ ጨርቃቸውን ጨበጡ። ጉዳዬን የያዘው ማኅደር በሰውዬው ብብት ሥር ነው፤ "እሳቸው ናቸው" ብል እገላገላለሁ። ደግሞም እውነት ነው።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ። "ማክሰኞ ዕለት ኮምፒውተሩ ነግሮኝ ነበር። አይቼ፣ ልክ ነው ብዬ አለፍኩት።" ቀይ ምልክት ያለበትን ወረቀት አሳየሁት።

"እና አራት ቀን ሙሉ ሰዓት ማንበብ አቅቶሽ ነው?"

"አዎ።"

"ኧረ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የነካሁት!" ብለው እትዬ ብድግ አሉ። "ልጅቷን ተዋት!" እኔ "የእኔ ነው"፣ እሳቸው "የእኔ ነው"፣ ጋሼ ከበር ላይ "ይቅር ተባባሉ!" እያሉ ቢሮው ተተረማመሰ። ሥራ አስኪያጁ የራሱን የእጅ ሰዓት አየ፤ ቀጥሎ የኮምፒውተሩን አየ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣ ስድስት ሲቀንስ፣ አየሁት። እሱም ሳቁ አመለጠው። "በቃ፣ የቋሚነት ደብዳቤዋን ይጻፉላት" አላቸው እትዬን።

እትዬ ግን ሊጽፉ ቶሎ አልሄዱም። ዶሜይን ውስጥ የገባን ኮምፒውተር ሰዓት ሠራተኛ እንደፈለገ መለወጥ አይችልም፤ ነግሬያቸው ነበር። "ታዲያ ገበሬውስ?" አሉ። ዕለቱን የጥሪ ወረቀቱን አብረን እንደገና አሰናዳን፤ ከእንግዲህ ሰዓቱ በፊደል፣ "ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት" ተብሎ ይጻፋል።

ማታ እስኪሆን ሳልጠብቅ፣ ደብዳቤዬን እንደያዝኩ፣ ደጅ ወጥቼ አባቴ ጋ ደወልኩ።

"ጸደቀልሽ?" አለኝ፣ ሰላምታም ሳይሰጠኝ።

"ጸደቀልኝ። አባዬ፣ ያን ጊዜ ስብሰባውን... አላረፈድክም ነበር። በሰዓቱ ነው የደረስከው። የተሳሳተው ወረቀቱ ነው። ይቅርታ።"

የዶሮዎቹ ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል።

"ከኮምፒውተር ነው የሰማሽው?" አለኝ።

"እንደዚያ በለው።"

"እኔ ስነግርሽ አላመንሽም ነበር" አለ። አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም። "በይ እንግዲህ፣ ለእናትሽም ንገሪያት" ብሎ ስልኩን ሰጣት።