ባተርሲ ሐይቅ ዳር የጮህኩ ዕለት

ከስልክ መልእክት በቀር እስከ ዛሬ ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ይህን የምጽፈው የእህቴ ልጅ ነጅማ ስላስገደደችኝ ነው። «ወፍ ለማየት የሄደ ሰው ሁሉ የጉዞውን ነገር መጻፍ አለበት፤ ሕጉ ነው» አለችኝ። እንግሊዝኛ መጻፍ አልችልም ብላት፣ «በአማርኛ ጻፊ፤ ወፎቹ ግድ የላቸውም» ብላ አፌን ዘጋችው። ገና አሥር ዓመቷ ነው።

መነሻ፣ ኬኒንግተን

የምኖረው ከታላቅ እህቴ ከእትዬ ዘምዘም ጋር ነው። ነጅማንና የሰባት ዓመት ወንድሟን ኢልያስን ቤት ውስጥ ነው የምታስተምራቸው፤ እዚህ እንግሊዝ አገር ሆምስኩል ይሉታል። የጀመረችው በኢልያስ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት ሳለ በየጠዋቱ ሆዱን ያመው ነበር፤ ክፍል ውስጥም አፉን አይከፍትም። ቤት ከዋለ ወዲህ ሆዱ ተሻለው፤ ለእኛማ ወሬው አያልቅም። ሰው ፊት ግን አሁንም ዝም ነው።

አሁን ደግሞ እህቴ የምታጸዳበት ቢሮ ከማታ ፈረቃ ወደ ቀን ሊያዛውራት ነው። እምቢ ካለች ሥራው ይቀርባታል። እሺ ካለች እሷ ማታ ማታ የመጽሐፉን ትምህርት ታስተምራለች፤ ቀን ልጆቹን የምይዘውና ማክሰኞ ማክሰኞ ባተርሲ ፓርክ ወደሚደረገው የወፍ ትምህርት የምወስደው እኔ ነኝ። እኔ ካልቻልኩ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ለሱፐርቫይዘሯ እስከ ማታ መልስ መስጠት ስላለባት ይህ ጉዞ የእኔ ፈተና ነበር።

«አንቺ እኮ ሱቅ ገብተሽ ወተቱን ካጣሽው ሰው ሳትጠይቂ ነው የምትመለሺው» አለችኝ ጫማዬን ሳስር። «ልጆቹ ቢጠፉብሽ ማንን ልትጠይቂ ነው?»

«አይጠፉም።»

«ኢንሻአላህ በይ።»

«ኢንሻአላህ።»

የምስር ሳምቡሳና በፔርሙስ ሻይ ይዘን ወጣን።

አውቶብስ ላይ

የተሳፈርነው ከኦቫል ፌርማታ ነው። ለልጅ አውቶብስ ነጻ ስለሆነ ካርድ ታፕ አድርጌ የከፈልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ኢልያስ ፎቅ ካልሆነ አልቀመጥም ስላለ ላይ ወጥተን ከፊተኛው መስኮት ሥር ተቀመጥን። ወሩ በእኛ ሚያዝያ ነው፤ እዚህ ዛፍ ሁሉ ቅጠል የሚያወጣበት ጊዜ። ለጋ ቅርንጫፎች መስታወቱን እየገረፉ ያልፋሉ፤ ኢልያስ በእያንዳንዱ ጎንበስ ይላል። ቮክስሆል ስንደርስ ወንዙ ታየን። ውሃው ሸሽቶ ነጫጭ ወፎች ጭቃው ላይ ይለቅማሉ።

ባተርሲ ልንገባ ስንል መንገዱ ተዘግቷል ተባለና አውቶብሱ ሁላችንንም አወረደ። ነጅማ ጎኔን ጎሰም አድርጋ «ጠይቂው» አለችኝ። ወደ ፓርኩ በየት እንደሚኬድ ሹፌሩን ጠየቅሁት። አልሰማኝም። ደገምኩለት፤ አሁንም ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ።

«አክስቴ፣ ድምፅሽ ቻርጅ ጨርሷል» አለኝ ኢልያስ።

በመጨረሻ ሹፌሩ ገባው። ቀጥ ብለን ብንሄድ ፓርኩን እናገኘዋለን አለን። አገኘነው። እስከዚያ ድረስ ፈተናውን ያለፍኩ መስሎኝ ነበር።

ሐይቁ ዳር

እንደ እኛዎቹ ቤት የሚማሩ የሌሎች ቤተሰቦች ልጆች ቀድመውን ደርሰዋል። የሚመሩን ጄን የሚባሉ ጸጉራቸው የሸበተ እንግሊዛዊት ናቸው፤ ድሮ አስተማሪ ነበሩ። በሦስት እግር የሚቆም ቴሌስኮፕ አላቸው። ልጆቹን በተራ እያስጠጉ ሐይቁ መሐል ባለችው ደሴት ላይ የሄረን ጎጆ አሳዩን። ሄረን ግራጫ፣ እግሩም አንገቱም ረጅም፣ ዓሣ የሚያድን ወፍ ነው። ጎጆው ዛፍ ላይ የተወረወረ ማገዶ ይመስላል። የጫጩቶቹ ጸጉር ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ኢልያስ ከእንቅልፉ ሲነሣ!» አለች ነጅማ።

«እኔ አፍንጫዬ እንደዚያ አይደለም!» አላት በሹክሹክታ።

ጄን ሕጋቸውን ነገሩን። እንቀመጣለን፣ ዝም እንላለን፣ እናያለን፤ ጣልቃ አንገባም። ለዝምታ እኔን የሚያህል የለም ብዬ ደስ አለኝ።

የምናየው ጎጆ ሲደለደል ለእኛ የደረሰን የኩት ጎጆ ነው። ኩት ጥቁር የውሃ ወፍ ናት፤ ግንባሯ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ጎጆዋን ከዳር ሳትርቅ ከእንጨትና ከድንች ችፕስ ላስቲክ ሠርታለች። ብዙ ከቆየን በኋላ ብድግ ስትል ነጠብጣብ ያለባቸው እንቁላሎቿ ታዩ። ነጅማ መሳል ጀመረች። ወዲያው ሌላ ኩት ወደ ሰፈሯ ስትጠጋ፣ የእኛዋ ልታባርራት ውሃውን እየደበደበች ሮጠች። ይህን ጊዜ ቁራ እንቁላሎቹን ሊበላ ከዛፍ ወርዶ የጎጆው ጫፍ ላይ አረፈ።

እኔ ያደግሁት ከሚሴ አጠገብ፣ ማሽላ በሚዘራበት ቀበሌ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጆች ማማ ላይ ወጥተን ቀኑን ሙሉ ወፍ ስናባርር እንውላለን። ወፍ ሲያርፍ ማሰብ የለም፤ ጩኸቱ ነው የሚቀድመው። ያን ቀንም ቀደመኝ።

«ሃ—ይ! ሃይ! ሃይ! ተነሥ ከዚያ!»

አጨበጨብኩም። ቁራው በረረ። ግን የበረረው እሱ ብቻ አይደለም። ዳክዬው፣ እርግቡ፣ አረንጓዴው በቀቀን፣ ደሴቷ ላይ ያሉት ሄረኖች ሳይቀሩ ባንድነት ተነሡ። ሰማዩ ክንፍ ብቻ ሆነ። ሲሮጥ የነበረ ሰውዬ ቆሞ ዞረ። ጄን ዓይናቸውን ከቴሌስኮፑ ነቅለው ደረታቸውን ያዙ።

ከዚያ ሁሉም እኔን ያየኛል። ፊቴን በሻርፔ ሸፈንኩ። በቃ፣ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የመለስኳቸው እኔ ነኝ አልኩ በልቤ።

ጄን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አልተቆጡም። «ቁራውም የሚመግባቸው ጫጩቶች አሉት» አሉኝ። «የመጣነው ልናያቸው ነው፤ ልንዳኛቸው አይደለም።» ነጅማ ተረጎመችልኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ድምፄ እንደገና ጠፍቶ ነበር።

ያኔ ኢልያስ እጁን አወጣ። እዚያ ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም።

«አክስቴ እርሻ ላይ ወፍ ታባርር ነበር» አለ በእንግሊዝኛ። «ረጅም የእንጨት ማማ ላይ ቆማ። በወንጭፍ!»

ልጆቹ ከበቡን። «ወፎቹ ምን አደረጉሽ?» አለችኝ አንዲት ጸጉረ ቀይ ልጅ።

በእኔ እንግሊዝኛና በነጅማ እርዳታ መለስኩላት። የዓመት ምግባችንን ይበሉብናል፤ መንጋ ካረፈበት ማሽላ የሚቀረው አገዳው ነው አልኳት።

«ታዲያ ዛሬስ? ማሽላ የለም እኮ!»

«እንጃ» አልኩ። «እንቁላሎቹ አሳዘኑኝ።»

ጄን ሳቁ። «ሌላ ጊዜ ስትጮሂ አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ ዓይኔን ከቴሌስኮፑ ላንሣ» አሉኝ።

ሳምቡሳውን ተካፍለን ስንበላ ልጆቹ ጩኸቱን ካላስተማርሽን ብለው ያዙኝ። ጄን ከጎጆዎቹ ርቀን ወደ ኳስ ሜዳው እስክንሄድ አስጠበቁን። አስተማሪው ግን እኔ ሳልሆን ኢልያስ ሆነ። «ከሆድ ነው! ከሆድ!» እያለ ከፊት ቆሞ ያስጮሃቸዋል። የሰው ውሻ ሳይቀር አብሮ ጮኸ። ልጁ እንዲህ ሲፈነጥዝ አይቼው አላውቅም።

ወደ ሐይቁ ስንመለስ ኩቷ እንቁላሎቿ ላይ ተኝታ ነበር። ሄረኖቹም እግራቸውን አንጠልጥለው አንድ በአንድ ወደ ጫጩቶቻቸው ይወርዳሉ። በልጅነቴ ወፍ በሄደልኝ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አስቤ አላውቅም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ ወፍ ስትመለስ ለማየት መጠበቅ ያስፈልጋል። አሁን ጄን ለምን ዝም በሉ እንዳሉን ገብቶኛል። ቁራው እንደገና ቢመጣ ዝም እላለሁ ብዬ ግን አልምልም።

ቤት

መንገድ ላይ፣ የሆነውን ለእህቴ እንዴት አድርጌ ልንገራት እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ኢልያስ ቀደመኝ። ጫማውን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ገብቶ፣ ቁራውንም ጄንንም እኔንም እየሆነ ሁሉንም አሳያት። እጁን ሰው ፊት እንዳወጣ ሲነግራት እትዬ ዘምዘም ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

«እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገርክ?»

«ማክሰኞ ደግሞ ስለ ወንጭፉ እነግራቸዋለሁ» አላት።

እጇን ታጥባ ስልኳን አነሣችና ቴክስት ስታደርግ ቆየች። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ ነበርኩ። ማማው ላይ አብረን እንውል እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ ከእኔ በፊት እዚያ የወጣችው እሷ ናት። ስልኩን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ሄደችና ዘጋችው።

«የቀኑን ሥራ እሺ ብያለሁ» አለችኝ። «ጎረቤት እንዳይደነግጥ ዘግቼዋለሁ። በይ፣ አንድ ጊዜ ለእኔም ጩሂልኝ።»