አፌ አመለጠኝ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም በገባን ዓመት፣ ደረጃው ገና መደገፊያ ሳይገጠምለት፣ ወተት የሚያመጡልን አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ብሎካችን የቆመው ድሮ ከብቶቻቸው ይግጡበት በነበረው መስክ ላይ ነው። የቀሯቸው ሁለት ላሞች ብቻ ነበሩ፤ የሚኖሩትም በነሱ ነው።

አንድ ጠዋት ወተቱ እሳት ላይ ተቆራረጠብኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ሎሚ የጨመቅሁበትን ድስት ሳላለቀልቅ ነው የገለበጥኩበት። በሬ ክፍት ስለነበር ጎረቤቴ ብቅ ብላ አየች። እኔ ደግሞ በጽዳቴ የምመካ ሴት ነኝ። ዝርክርክ ከምባል ብዬ፣ የሴትዮዋ ወተት እኮ ነው፣ የማይቀላቅሉበት ነገር የለም አልኳት። ወሬው አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ምሳ ሰዓት እንኳ አልጠበቀም። በሳምንቱ ከብሎኩ ወተት የምገዛቸው እኔ ብቻ ቀረሁ።

እሳቸው ታዲያ በየጠዋቱ እየቀዱልኝ ይመርቁኛል። «ሁሉም ሲሸሸኝ አንቺ አልሸሸሽኝም ልጄ። ስምሽን ክፉ አይንካው።» አሜን ማለት አቅቶኝ ድስቴን ይዤ በሩን እዘጋለሁ።

እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ቅዳሜ ኑዛዜ ገባሁ። ከኑዛዜ ሳጥኑ ወንፊት ወዲያ ለተቀመጡት አባ ዙሪያ ጥምጥም ስናገር ቆይቼ፣ «በአንዲት ሴት ላይ አፌ አመለጠኝ» አልኩ።

እሳቸውም፣ «አፍሽ አመለጠሽ ወይስ ተናገርሽ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ወተቱም ተቆራረጠብኝ፣ አፌም አመለጠኝ፣ ወሬውም ወጣብኝ፤ በኔ አነጋገር እኔ ያደረግሁት አንዳች ነገር የለም። «ዋሸሁባቸው» አልኩ። አባ ፈቱኝ። ግን ያጠፋሁትን ስም፣ እዚያው ባጠፋሁበት ደጃፍ እንድመልስ አዘዙኝ።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤቶቼን ደረጃው ላይ ሰበሰብኳቸው። ሴትዮዋ ጄሪካናቸውን ይዘው ወጡ። ያችኑ «አፌ» የምትለዋን ልጀምራት ስል መልሼ ዋጥኳት።

«ወተቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ድስቴን አላጠብኩም ነበር። ዋሸሁባቸው።»

ጎረቤቴ፣ እኛ ደግሞ ንጹሕ ሴት መስለሽን ብላ ሳቀች። ሌሎቹ አልሳቁም። ሴትዮዋ ጄሪካናቸውን መሬት አስቀምጠው፣ እግዜር ይቅር ይበልሽ አሉ። ልጄ አላሉኝም።

በነጋታው ሌሎች በሮችም ተከፈቱላቸው፤ የኔን በመጨረሻ አንኳኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመቅዳታቸው በፊት ድስቴ ውስጥ አጎንብሰው ያያሉ።

«ታጥቧል?» ይላሉ።

«አጥቤዋለሁ» እላለሁ።